ስለ ምንጣፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ ድሬዳዋ ላይ ለሚገዛ ሰው

ምንጣፍ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር የሚወጣበትና ለዓመታት አብሮን የሚኖር ዕቃ ነው። ሆኖም ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚራ ስንገዛ አብዛኞቻችን የምናየው ሁለት ነገር ነው፤ አበባውንና ውፍረቱን። ጥራቱ ግን ያለው ከፀጉሩ ሥርና ከጀርባው ነው።

«ወፍራም ከሆነ ጥሩ ነው።» ገዢን እንደዚህ እምነት የሚጎዳ የለም። ፀጉሩ ረጅም፣ ክሩ ግን የሳሳ ምንጣፍ ሱቅ ውስጥ ያምራል። ቤት ገብቶ ሰው ሲመላለስበት፣ በርጫም ሲቀመጥበት በጥቂት ወራት ይተኛል፤ ተመልሶም አይነሣም። ዕድሜ የሚሰጠው የክሩ ጥግግት ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የምንጣፉን ጥግ ወደ ኋላ ቆልምሙት፤ ፀጉሩ ሲከፈት መደቡ ወለል ብሎ ከታየ ክሩ ሳስቷል ማለት ነው። ከዚያ ገልብጡት። በሽመና የተሠራ ከሆነ የፊቱ ንድፍ ከጀርባም ይታያል። በመርፌ ተተክሎ በሙጫ የተያዘ ከሆነ ጀርባው በሌላ ጨርቅ ወይም በላስቲክ ይሸፈናል። በሙጫ የተያዘ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ወይም ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ቢረክስ አትውሰዱት። ለእኛ ከተማ ጥግግት ሌላም ጥቅም አለው። ከደቻቱ በኩል በነፋስ የሚገባው አሸዋ በሳሳ ምንጣፍ ውስጥ እስከ ሥሩ ይወርዳል፤ በተረገጠ ቁጥርም ክሩን ከሥሩ ይፈገፍገዋል። ጥቅጥቅ ያለው ግን አሸዋውን ላይ ላዩን ስለሚይዘው መጥረጊያ ያገኘዋል።

«ሱፍ ለሙቀት አገር አይሆንም።» ሱፍ እርጥብ መስሎ ሳይሰማ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይይዛል፤ ስለዚህ በላብ የተቀመጠ ሰው ሰውነት ላይ አይጣበቅም። እውነተኛ ችግሮቹ ዋጋውና ብል ናቸው። ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ ሱፍን የሚመርጥበት ሌላ ምክንያት አለው፤ ከሰል። ገበያውን የሞላው ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ሰው ሠራሽ ክር በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከምድጃ የወደቀ ፍም ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሞቃል። ፍሙ ያረፈበት ቦታ ቀልጦ ጠቁሮ ይደርቃል፤ ያንን ጠባሳ የሚያስለቅቅ ሳሙና የለም። ሱፍ ግን ጫፉ ያርራል እንጂ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ያረረውም ሲቦረሽ ይራገፋል። ሱፍ ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ ረከቦቱና ምድጃው ያለ ምንጣፍ ወለል ላይ ይሁኑ።

ሻጩ «ሱፍ ነው» ካለ ከዳር አንድ ክር ለምናችሁ ውሰዱና ከሱቁ ውጭ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

«የቱርክ ከሆነ አይጠየቅም።» ጋዚአንቴፕ የተባለችው የቱርክ ከተማ በማሽን ምንጣፍ ሥራ ስመ ጥር ናት፤ ከዚያው የሚወጣው ግን ርካሹም ውዱም ነው። የአገሩ ስም የተሠራበትን ቦታ እንጂ ጥራቱን አይነግርም። ከጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የክሩን ዓይነትና በአንድ ካሬ ሜትር ያለውን ክብደት ፈልጉ። የአገራችንንም አትናቁ፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ ከበግ ፀጉር በእጅ የሚሠራው ስጋጃ ሸካራ ቢሆንም ጠንካራ ነው።

«ጥቁር ቀለም ቆሻሻ ይደብቃል።» የእኛ አቧራ ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁር ምንጣፍ ላይ ገና በጠዋቱ ይታያል። የአሸዋ ቀለም ያለው፣ ንድፉ የተቀላቀለ ይሻላል።

«ፀጉር ካረገፈ ተበላሽቷል።» አዲስ የሱፍ ምንጣፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማርገፉ የተለመደ ነው። በጣት ሲሳብ ክሩ ከነሥሩ የሚወጣ ከሆነ ግን ጉድለት ነው።

«ለቤት የሆነ ለቢሮም ይሆናል።» አይሆንም። ባለጎማ ወንበር ረጅሙን ፀጉር ያጎሳቁለዋል። ለቢሮ ፀጉሩ አጭር ሆኖ ክሩ ሳይቆረጥ እንደ ቀለበት የተጠመዘዘው ዓይነት ይበረታል። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እየተቆረጠ የሚሸጠውማ ቡና ሲፈስበት አንዱን ብቻ ነቅሎ መተካት ያስችላል። ድርጅት ሲገዛ ጥቂት ትርፍ ቁራጮች አብሮ መያዝ አለበት፤ በኋላ ያው ቀለም ላይገኝ ይችላል።

«ሙቀት ሲበረታ አጣጥፎ ቁም ሣጥን ላይ መስቀል ነው።» መታጠፍ ጀርባውን ይሰብራል፤ እጥፋቱም መስመር ሆኖ ይቀራል። ሐረሮች ይህን ጥንት ያውቁታል። በቆየው የሐረሪ ቤት በበሩ በላይ የሚቀመጠው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነው፤ በባህሉም ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖሯን ይናገራል። እናንተም ጠርጋችሁ፣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

«ሳሙና በበዛ ቁጥር ይጠራል።» በደንብ ያልታጠበ የዱቄት ሳሙና ክሩ ላይ ቀርቶ አቧራ ይስባል፤ ምንጣፉም ከበፊቱ ቶሎ ይቆሽሻል። ሳሙናው ጥቂት፣ ውኃው ብዙ ይሁን። ከመታጠቡ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ አንድ ጥግ ላይ ፈትጉ፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ለባለሙያ ስጡት። ስታደርቁ የቀትሩ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚመጥጥ ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወለል ላይ ከተመለሰ ይሸታል።