ቁንጽል የላቲን ጥቅሶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ያስጻፈው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ እንደነበረ የዮሐንስ ወንጌል ይነግረናል። ያ ሮማይስጥ ዛሬ ላቲን የምንለው ቋንቋ ነው። አሁን ወደ እኛ የሚደርሰው ግን በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ፣ በካናቴራ ደረት፣ በትምህርት ቤት ዓርማና በስፖርት ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ተቆርጦ ስለሚመጣ ከአጠገቡ የነበረው ንግግር ይቀራል። የቀረውን ፈልጎ ላነበበ ሰው ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

«ካርፔ ዲየም ማለት ዛሬን ጨፍር፣ ነገን እርሳ ማለት ነው።»

እንግሊዝኛው «ቀኑን ያዝ፣ ንጠቅ» ስለሚል አሳስቶናል። ካርፔሬ የሚለው ግስ ፍሬ ወይም አበባ መቅጠፍ ነው። አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይቀርበዋል። ቡና የለቀመ ሰው ያውቀዋል፤ አረንጓዴዋን ትቶ የቀላችውን ፍሬ ብቻ በጣቱ ጠምዘዝ አድርጎ ይቀጥፋታል፤ ሳይቀጥፋት ከሰነበተ ከዛፉ ሥር ረግፋ ያገኛታል። ቃሉ የሚገኘው በሮማዊው ባለቅኔ በሆራስ ግጥም ውስጥ ነው፤ ይህን ግጥም ያካተተበትን መድበል ያወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23 ዓመት ገደማ ነው። የሚያናግራት ሌውኮኖዌ የተባለች ሴት ናት፤ ስለዚህ በአማርኛ «ዕለቷን ቅጠፊያት» ቢባል ያምራል። ወቅቱ ብርድ ነው፤ ባሕሩ ከዐለቱ ጋር ይላተማል። እርሷ ዕድሜዋን በባቢሎናውያን ኮከብ ቆጠራ ማወቅ ትፈልጋለች። እርሱም ይህን ተዪ ይላታል፤ ወይኑን አጥልዪ፣ ዘመኑ አጭር ነውና ረጅሙን ተስፋሽን ከርክሚው፣ በነገ ላይ የተቻለሽን ያህል አትተማመኚ። ማጥለል፣ መከርከም፣ መቅጠፍ፦ ሦስቱም የእጅ ሥራ ናቸው። እኔ በዚህ ግጥም ውስጥ ጭፈራ አላየሁም፤ ያየሁት እጇ ላይ ያለውን ሥራ እንድትሠራ በፍቅር የተመከረች ሴት ነው።

«ጤናማ አካል ካለህ ጤናማ አእምሮ ይኖርሃል፤ ሮማውያንም ያሉት ይህንኑ ነው።»

«ሜንስ ሳና ኢን ኮርፖሬ ሳኖ» በስፖርት ቤቶች የሚወደደው በዚህ ትርጉም ነው። ስፖርት ለአእምሮ እንደሚበጅ አልክድም፤ ባለቅኔው ጁቬናል ግን ይህን አላለም። ግጥሙ ስለ ጸሎት ነው። ሰዎች ሥልጣን፣ ሀብት፣ ረጅም ዕድሜና ውበት ሲለምኑ የለመኑት ነገር እንዴት እንዳጠፋቸው እየዘረዘረ ይመጣና፣ መለመን ካለብህስ «በጤናማ አካል ውስጥ ጤናማ አእምሮ እንዲኖር ለምን» ይላል። «መለመን ይገባል» የሚለው ግስ ሲቆረጥ ልመናው የሕክምና ሕግ ሆነ። አሲክስ የተባለው የጃፓን ጫማም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አባባል የቃላት መነሻ ፊደላት ነው፤ «አእምሮ» የሚለውን ብቻ «ነፍስ» በሚል ተክተውታል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1961 ጃፓን ሲሮጥ የተጫማው የዚህኑ ድርጅት ጫማ ነበር፤ ያኔ ስሙ ኦኒትሱካ ነው።

«ቮክስ ፖፑሊ፣ ቮክስ ዴኢ የሕዝብን ድምፅ ለማክበር የተነገረ ጥንታዊ ቃል ነው።»

የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ማለት ነው፤ ትርጉሙ ላይ ስሕተት የለም። ነገር ግን አባባሉን ከምናገኝባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ በ798 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አካባቢ አልኩዊን የተባለው ሊቅ ለፍራንኮች ንጉሥ ለሻርለማኝ የላከው ደብዳቤ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው «እንዲህ የሚሉትን አትስማ፤ የሕዝብ ሁካታ ምንጊዜም ለእብደት የቀረበ ነውና» የሚል ነው። በአልኩዊን ፍርድ አልስማማም። ቢሆንም ቃሉን የጠቀሰው ሊቃወመው መሆኑን ሳያውቁ ምስክር አድርጎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም።

«ግላዲያተሮች ከመዋጋታቸው በፊት ሁልጊዜ፣ ልንሞት የተዘጋጀነው ሰላም እንልሃለን ይሉ ነበር።»

የተመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ52 ዓ.ም. እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያን ውስጥ በነበረው በፉቺኖ ሐይቅ ላይ። ንጉሡ ከሐዋርያት ሥራ የምናውቀው ቀላውዴዎስ ነው። ሰላምታ ሰጪዎቹም ለትርኢት በመርከብ ሊዋጉ የተሰለፉ ሰዎች ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ሱዌቶኒየስ እንደሚለው ቀላውዴዎስ «ወይም ላትሞቱ» ብሎ መለሰ፤ እነርሱም ይቅርታ ተደረገልን ብለው አንዋጋም አሉ። ንጉሡ እያነከሰ በሐይቁ ዳር እየተሯሯጠ፣ እያስፈራራም እየለመነም ነው ያዋጋቸው። ሊሞቱ የተሰለፉ ሰዎች በአንዲት ቃል ላይ ተስፋቸውን የጣሉበትን ይህን ቅጽበት ሳነብ ልቤ ይነካል።

«ቺቲየስ፣ አልቲየስ፣ ፎርቲየስ የጥንቱ ኦሊምፒክ መፈክር ነው።»

አይደለም። ቃሉ «ይበልጥ ፈጣን፣ ይበልጥ ከፍ ያለ፣ ይበልጥ ብርቱ» ማለት ሲሆን ላቲን ነው፤ የጥንቱ ኦሊምፒክ ግን የግሪኮች ነበር። ይህን መፈክር የዘመናዊው ኦሊምፒክ መሥራች ፒየር ደ ኩቤርታን የወሰደው ሄንሪ ዲዶን ከተባለ ፈረንሳዊ ካህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ «በአንድነት» የሚል ቃል ተጨምሮበታል።

«መጣሁ፣ አየሁ፣ ድል ነሣሁ» የሚለው የቄሳር ቃልም ስለ ብሪታንያ ወይም ስለ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ዘመቻ የተነገረ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47 ዓመት፣ ዛሬ ቱርክ በሆነችው ምድር የጳንጦስን ንጉሥ በፍጥነት ስላሸነፈበት ጦርነት ነው።

ይኸው «ድል ነሣ» የሚለው የላቲን ግስ በራእይ 5፥5 የላቲን ትርጉም ላይም አለ፤ እኛ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የምንለው ቃል ነው። ብዙዎች የንጉሠ ነገሥቱ ማዕረግ ይመስላቸዋል። አውሮፓውያንም «ድል አድራጊው አንበሳ» ብለው ቅጽል አድርገው ተረጎሙት። በግእዙ ግን «ሞዐ» ግስ ነው፤ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ ማለት ነው፤ አንበሳውም ክርስቶስ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ የማዕረግ አጻጻፍም ይህ ቃል ከንጉሡ ስም በፊት ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ስሙና «ሥዩመ እግዚአብሔር» ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።