በማይክና በስፒከር መሀል የሚገቡ ዕቃዎች

ድምፅ ከማይክ ተነስቶ ስፒከር እስኪደርስ የሚያልፍበት መስመር ሲግናል ቼይን ይባላል። ቀለል ያለው ማይክ፣ ሚክሰር፣ አምፕ፣ ስፒከር ነው፣ ሰርግ ወይ ኮንሰርት ላይ ግን መሀሉ ላይ ኢኳላይዘር ኮምፕረሰር ኢኮ ክሮስኦቨር ምናምን ይደረደራል። ዕቃ ሲበዛ ድምፅ ያምራል የሚል አለ፣ መሀል የገባ ነገር ሁሉ ያበላሻል ብሎ የሚምልም አለ። እኔ በሁለቱም አልስማማም፣ ከብዛቱ ይልቅ የት ቦታ እንደገባ ነው የሚወስነው።

ኮረንቲ የሚጠቀም ዕቃ ሁሉ የራሱ ኖይዝ አለው፣ ያ ሽሽሽ የሚለው ማለት ነው። ኖይዛቸው እኩል የሆነ ሁለት ዕቃ ብትቀጣጥል ኖይዙ በ3 ዲሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ይሄ ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ቦታው ነው። ማይክህ 2 ሚሊቮልት ያወጣል እንበል፣ የሚክሰሩ ጌይን ደግሞ 100 እጥፍ ያሳድገዋል፣ እና 20 ማይክሮቮልት ኖይዝ ያለው አንድ ርካሽ ዕቃ አለህ። ከጌይኑ በፊት ካስገባኸው ኖይዙ የድምፁ አንድ መቶኛ ይሆናል፣ አብሮም ያድጋል፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ። ያንኑ ዕቃ ከጌይኑ በኋላ ብታስገባው ድምፁ 200 ሚሊቮልት ደርሷል፣ ኖይዙ አንድ አስር ሺኛ ነው፣ ማንም አይሰማውም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዕቃ ላይ ብር ማውጣት የሚያዋጣው። ላፕቶፑን ቮልዩም 20 ፐርሰንት ላይ ትቶ አምፑን ጥግ ድረስ የሚከፍተውም ሰው የሚሰማው ሽሽታ ከዚሁ የመጣ ነው።

ሌላው ጣጣ ኸም ነው፣ እምምም የሚለው። አንዴ ሰርግ ላይ ላፕቶፕ ሚክሰሩ ላይ ሰክቼ አዳራሹ በሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ፣ ኬብል ቀየርን፣ ቻናል ቀየርን፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንድ ልጅ መጥቶ የላፕቶፑን ቻርጀር ከሶኬት ነቀለው፣ ጸጥ! የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሁለት ዕቃ በተለያየ መንገድ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ሲያገኝ በመሀላቸው የሚዞረው ኮረንቲ 50 እና 100 ኸርዝ ላይ ይሰማል። መፍትሄው ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ ነው፣ በዕቃውና በሚክሰሩ መሀል ገብታ ግራውንዳቸውን የምትለያይ ትንሽ ሳጥን ማለት ናት፣ የግራውንዷን እግር መቁረጥ ግን በፍጹም፣ ሰው ይገድላል።

እዚህ ጋ ተጨማሪ ዕቃ ድምፁን አዳነው ማለት ነው፣ ክራርም ላይ እንደዛው። ፒዬዞ ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ነገር) የተገጠመለት ክራር በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ቤዙ ጠፍቶ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ምክንያቱም ፒዬዞ የሚፈልገው ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) 1 ሜጋኦምና ከዚያ በላይ የሆነ ኢንፑት ነው፣ የሚክሰሩ ደግሞ በጣም ያንሳል። አክቲቭ ዲአይ (በባትሪ ወይ በኮረንቲ የሚሰራ፣ ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ ዲአይ ቦክስ) መሀል ሲገባ ቤዙ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ በተቃራኒው ኬብሉ ሲረዝም የሚያጣው ትሬብሉን ነው፣ እዛም በፈር (ሲግናሉን አጠንክሮ ወደ ኬብሉ የሚያሳልፍ ሰርኪት) ያለው አንድ ፔዳል መጀመሪያ ላይ ማስገባት ይረዳል።

ዲጂታል ሲሆን ኖይዙ ቀርቶ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። ድሮ ካሴት ከካሴት ሲቀዳ እያንዳንዱ ቅጂ ሽሽታ ጨምሮ ትሬብል ቀንሶ ይወጣ ነበር፣ አሁን ደግሞ የተጨመቀ ኤምፒስሪ በብሉቱዝ ስትልከው እንደገና ይጨመቃል። ብሉቱዝ ላይቭ ላይ ጭራሽ አይሆንም፣ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ይበልጣል፣ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ እየሰማ ግራ ይገባዋል።

አዲስ ዕቃ ሲሞከር ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ቁልፉን ሲያበራው ድምፁ ትንሽ ከፍ ካለ ጆሮ ወዲያው አማረ ይላል፣ የ1 ዲሲቤል ልዩነት እንኳን ሊያሳስት ይችላል። መጀመሪያ በርቶም ጠፍቶም ድምፁ እኩል እንዲሆን ማስተካከል፣ ከዛ ሌላ ሰው ቁልፉን ሳያሳይህ እየቀያየረ ቢያሰማህ ጥሩ ነው። ስንቱ የተወደሰ ዕቃ እዚህች ጋ ይወድቃል መሰለህ።