ሾርት ስትሮክ ምንድን ነው? ቀለሃው እግር ስር ሲወድቅ

ጠመንጃ ቀለሃ በደከመ ጉልበት ሲተፋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካዝናውን ነው። እኔ ግን ካዝናውን ከመንካቴ በፊት ቀለሃው የት እንደወደቀ አያለሁ።

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንዴ ይተኩሳል። ከዚያ ቀለሃውን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ይጎርሳል። ጉልበቱ የሚመጣው ከባሩዱ ነው። በጋዝ በሚሠሩት ላይ በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እርሳሱ (የጥይቱ ተወርዋሪ ጫፍ) እሷን ሲያልፍ ጥቂት ጋዝ ይሾልክና ቦልቱን፣ ማለትም ወደፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰውን ብረት፣ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የቦልቱ ጥፍር ቀለሃውን ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚተኮስበት የበርሜሉ ጎሬ) ይስባል፣ ገፊው በመስኮቱ ያስፈነጥረዋል። ሞላው ቦልቱን ሲመልሰው አዲስ ጥይት ከካዝናው ይዞ ይገባል።

ሾርት ስትሮክ ማለት ቦልቱ መንገዱን ሳይጨርስ ከመሃል ሲመለስ ነው። ሲጀምር ቀለሃው እንደ ድሮው አይፈናጠርም፣ እግር ስር ጠብ ይላል። ሲብስበት መስኮቱ ላይ ተነክሶ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ቀለሃው ወጥቶ ቀጣዩ ጥይት አይጎርስም፤ ምላጩን ስትስቡ ዝም። ካዝና ያለ ጥፋቱ የሚረገመው እዚህ ላይ ነው።

መለየት ቀላል ነው። በተኩስ ቦታ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ፣ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አድርጋችሁ ተኩሱ። እንደ ኤአር-15 ያሉት ካዝናው ባዶ ሲሆን ቦልታቸው ኋላ ቀርቶ ይቆማል። ካልቆመ፣ ሙሉውን መንገድ አልሄደም ማለት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የካዝናው እንዳይሆን በሌላ ካዝና ድገሙት። የክላሽ ዘሮች አብዛኞቹ እንዲህ አይቆሙም፤ ለነሱ ሁለት ጥይት አድርጉና ሁለተኛው መጉረሱን እዩ።

ቦልቱ በደንብ ቆሞ ቀለሃው ግን ከደከመ ነገሩ ምናልባት ሾርት ስትሮክ አይደለም። የቀለሃውን ቂጥ ተመልከቱ። ከንፈሩ ተልጦ ወይም ተቆርሶ ከሆነ ጥፍሩ እየሳተው ነው፣ ወይም ቻምበሩ ቆሽሾ ቀለሃውን ይዞታል። ከንፈሩ ደህና ከሆነ የጥፍሩን ወይም የገፊውን ሞላ ጠርጥሩ።

ሾርት ስትሮክ ከሆነ ደግሞ ከርካሹ ጀምሩ። ካዝናውን አውጥታችሁ፣ ቻምበሩ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጣችሁ፣ ቦልቱን ፍቱት። ደርቋል? የባሩድ ጥላሸት ከዘይት ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆኗል? በብርድ ወፍራም ዘይትም ቦልቱን ያዘገየዋል። አጽድታችሁ በስሱ ቀቡት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ካላለቀ ጋዝ የሚሾልክበትን ፈልጉ፦ የላላ ብሎን፣ ከቦታው የተንሸራተተ የጋዝ ማገጃ (የበርሜሉን ቀዳዳ የሚሸፍነው ክፍል)፣ ያለቀ የጋዝ ቀለበት። ቀዳዳዋን በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን የጠመንጃ ባለሙያ ሥራ ነው። ጋዝ ሲበዛም ቦልቱ ከልክ በላይ ይፈጥንና ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ደካማ ጥይትም ሾርት ስትሮክ ያመጣል፤ ሌላ ዓይነት ሞክሩ። ተኩሱ እንደ ወትሮው ሳይሆን «ፑፍ» ብሎ ከቀረ ግን አቀባብላችሁ አትተኩሱ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣዩ ጥይት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ጥይቱን ሁሉ አውጡና በርሜሉ ክፍት መሆኑን ከቻምበሩ በኩል በብርሃን እዩ።