ባክጋሞን በቆርኪ፦ የጀማሪ ስልት

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ዳማ የሚጫወት አይጠፋም። ባክጋሞን ግን ብርቅ ነው፤ የሚያውቀውም ባብዛኛው ከስልኩ ነው። ሰሌዳ ፍለጋ መርካቶ መውረድ አያስፈልግም። ካርቶን ላይ 24 ሦስት ማዕዘን (ቤት) አስምሮ 30 ቆርኪ (ጠጠር) መልቀም ነው። ግማሹ በፊቱ፣ ግማሹ በጀርባው ይደረደራል። ከሉዶ ሁለት ዳይስ መዋስ ነው።

ጨዋታው እሽቅድምድም ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። እያንዳንዱ 15 ጠጠሮቹን ወደ መጨረሻዎቹ 6 ቤቶች አስገብቶ ያወጣል። ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። ብቻውን የቆመ ጠጠር ይበላል። ሁለት የቆሙበትን ቤት ግን ባላጋራ አይረግጠውም።

ዳማ የለመደ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። የሚበላ ካየ አያስችለውም። በባክጋሞን መብላት ግዴታ አይደለም፤ የተበላውም አይሞትም፣ ከመነሻው ይጀምራል እንጂ። ስለዚህ ገና የተነሳ ጠጠር ቢበላ ኪሳራው ኢምንት ነው። 4ኛ ቤቱ (ቤት የሚቆጠረው ከራስ መውጫ ነው) ደርሶ የተበላ ግን 21 እርምጃ ከሰረ።

«ዳይስ እኮ ዕድል ነው» ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ሁለት ዳይስ የሚወድቅበት መንገድ 36 ነው። ጠጠራችን ከባላጋራ 6 ቤት ርቆ ብቻውን ቢቆም፣ መሃል የሚዘጋ ከሌለ፣ ከ36ቱ 17ቱ ይበሉታል። 7 ቤት ቢርቅ 6ቱ ብቻ! ሰባትን አንድ ዳይስ ብቻውን አያመጣውማ። እኔ ይቺን እስካውቅ ድረስ ስበላ ዕድሌን ነበር የምረግመው።

በመጀመሪያው ጣል 3ና 1 ከመጣ ከ8ኛና ከ6ኛ ቤት አንዳንድ አንስቶ 5ኛውን መዝጋት ነው። ብዙም አያከራክርም። 6 ተከታታይ ቤት ከተዘጋማ ባላጋራ መዝለያ የለውም፤ የዳይስ ትልቁ 6 ነው።

ሲጀመር ሁለቱም ጠጠሮቻቸውን ሁሉ ለማውጣት በድምሩ 167 እርምጃ ይቀራቸዋል። መሃል ላይ መቁጠር ይለመድ። የቀደመ መሸሽ፣ የዘገየ ደግሞ አድብቶ መጠበቅ አለበት። ጠጠር ስናወጣ የባላጋራ ጠጠር ገና ከኋላችን ካለ፣ መጀመሪያ የሚጸዳው ሩቁ ቤት ነው።