ጂአይ ምንድን ነው? እንቁላልስ ስኳር ከፍ ያደርጋል እንዴ?

ሀዋሳ ቁርስ ቤት ቁጭ ብሎ እንቁላል ፍርፍር ያዘዘ የስኳር ታማሚ ከጎኑ አንዱ "አንተ ስኳር የለብህም እንዴ?" ሳይለው አይቀርም። ጂአይን ያወቀ ሰው ግን ይሄን አይጠይቅም።

ጂአይ፣ ሙሉ ስሙ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ፣ ምግብ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት የደም ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚናገር ቁጥር ነው፣ ግሉኮስ 100 ይሰጠውና ሌላው ከሱ ጋር ይወዳደራል፣ 55ና ከዛ በታች ዝቅተኛ፣ 70ና ከዛ በላይ ከፍተኛ ነው። ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለው ምግብ መብላት አለበት፣ አንድ እንቁላል ውስጥ ደግሞ 1 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ለመለካት ከ50 እንቁላል በላይ ሊያበሉት ነው፣ ማን ይችላል? ለዛ ነው እንቁላል የራሱ ጂአይ የለውም የሚባለው።

ስኳሩን ከፍ የሚያደርገው እንግዲህ አብሮ የሚመጣው ነው፣ ዳቦውና በስኳር የታጀበው ሻይ። ቢሆንም ዳቦን ባዶውን ከመብላት ከእንቁላል ጋር ይሻላል፣ ፕሮቲኑና ስቡ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት እንዳይለቅ ስለሚያዘገዩት ስኳሩ ቀስ እያለ ነው ደም ውስጥ የሚገባው፣ ቶሎም አይርባችሁም። (ይሄን ሰምታችሁ ግን ሁለተኛ ዳቦ አትዘዙ።)

ሆድ ላይስ? ጂም የሚሰሩ ልጆች ጥሬውን ሲጠጡ አያለሁ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ የበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉ ይፈጫል፣ የጥሬው ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያም ሊኖርበት ይችላል። ፋይበር የሚባል ነገር ስለሌለው ቲማቲም ቃሪያ ምናምን ይግባበት፣ አለበለዚያ የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው ያስቸግራል። ከ55 ቀን ፆም በኋላ በቅቤና በዘይት የዋኘ እንቁላል ሆድ ሲከብድ ደግሞ ጥፋቱ የእንቁላሉ ብቻ አይደለም፣ ሀሞት ጠጠር ያለበት ሰው በተለይ ቅቅሉን ቢበላ ይሻለዋል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርደው ኪኒን) የምትወስዱ ግን ልብ በሉ፣ መድኃኒቱን ወስዳችሁ እንቁላል ብቻ በልታችሁ ከወጣችሁ ስኳራችሁ ሊወርድ ይችላል። ከወረደና ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ ደግሞ እንቁላል አያነሳችሁም፣ ያኔ የሚያስፈልገው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ለስላሳ ነው።