ያረጀ የሞተርሆም መጎተቻ ብረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ባለው ትልቅ መኪና፣ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ብዙ ሰዎች ከኋላቸው ትንሽ መኪና ያስከትላሉ። ያሰቡበት ሲደርሱ ትልቁን አቁመው በትንሿ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ባለ ሁለት ክንድ የመጎተቻ ብረት ነው። አንዱ ጫፍ ከሞተርሆሙ ኋላ ባለው አራት ማዕዘን መቀበያ ውስጥ ገብቶ በፒን ይታሰራል። ክንዶቹ ደግሞ የትንሿ መኪና ሻንሲ ላይ በቡሎን ከታሰረ ማያያዣ ጋር ይገጥማሉ። ብረቱ ሲያረጅ መጠገን ይሻላል ወይስ መቀየር? መልሱን የሚወስነው ያረጀው ክፍል የትኛው እንደሆነ ነው። ችግሩ፣ ብዙዎች የሚያዩት ሌላ ቦታ ነው።

«ካልጎበጠና ካልተሰነጠቀ ደህና ነው»

ይህ በጣም የተለመደው ስህተት ነው። መጎተቻ አብዛኛውን ጊዜ ክንዱ መሃል ላይ አያረጅም። የሚያረጀው ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ነው። ፒን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። የመገጣጠሚያው ቡሎንና ቡሽ፣ ማለትም ቡሎኑ የሚገባበት ቀለበት፣ አለ። ውስጠኛው ክንድ የሚንሸራተትበት ቦታና ክንዱን የሚቆልፈው ምላስም አለ። ሞተርሆሙ ፍሬን በያዘ ቁጥር ትንሿ መኪና ትገፋለች፤ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ደግሞ ትጎተታለች። መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ካለ ይህ ግፊያና ጉተታ ምት ይሆናል። ምቱ ክፍተቱን ያሰፋል፤ የሰፋው ክፍተት ምቱን ያጠነክራል። ክብ የነበረው ቀዳዳ ቀስ በቀስ ሞላላ ይሆናል።

ስለዚህ መኪናዋን ይፍቱና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጅ ይዘው ያወዛውዙ። ትንሽ መላወስ ሲሰራም የነበረ ነው፤ አያስደንግጥዎ። መታየት ያለበት ከበፊቱ መጨመሩና አንዱ ክንድ ከሌላው ይበልጥ መላወሱ ነው። ፒኑን አውጥተው በጥፍር ይዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለው ይቀየር። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ግን አዲስ ፒን አይረዳም፤ ቀዳዳው ያለበት ክፍል ራሱ ነው የሚቀየረው።

ሌላው ፈተና መቆለፊያው ነው። መኪናዋን ካያያዙ በኋላ ጥቂት ሜትር ቀስ ብለው ወደፊት ይንዱ። ከዚያ ወርደው ሁለቱም ክንዶች ተዘርግተው መቆለፋቸውን ይዩ። አንዱ አልቆልፍ ካለ ያጽዱት። ጸድቶም እምቢ ካለ ምላሱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት በዚህ ሁኔታ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መጎተት የለበትም፤ ጭነቱ በሙሉ በአንድ ክንድ ላይ ይወድቃል።

«ድምፅ ካለው መጎተቻው አልቋል»

ሁልጊዜ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚንኳኳው መጎተቻው መቀበያው ውስጥ ስለሚላወስ ነው። ሁለቱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ማጥበቂያ ይሸጣል። መጀመሪያ ይህን ሳያዩ አዲስ መጎተቻ የገዙ ሰዎች ያው ድምፅ አብሯቸው ይጓዛል።

«የተሰነጠቀውን መበየድ ነው፣ እንዲያውም ይጠነክራል»

እባክዎ ይህን አያድርጉ። የመጎተቻ ክንድ በሙቀት ከተጠናከረ ብረት ወይም ከአልሙኒየም ሊሰራ ይችላል። የብየዳው ሙቀት ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ያጠፋል። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ ከጎኑ ያለው ብረት ይዳከምና ቀጣዩ ስንጥቅ እዚያ ይመጣል። የጎበጠ ክንድን በእሳት ማቃናትም ያው ነው። የሰፋ ቀዳዳን በብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳትም ከዚህ አይለይም።

ቀለም መቀባትም ጥገና አይደለም። ላይ ላዩን ያለ ዝገት በብረት ብሩሽ ይለቃል። ከቀለሙ በፊት ግን የፋብሪካ ብየዳዎቹን አካባቢ በመብራት በደንብ ይመልከቱ። ዝገት የሚያለቅስ ቀጭን መስመር ካዩ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ሳያየው አይጎትቱበት።

«ቡሎን ያው ቡሎን ነው፤ የማይዝገው ደግሞ ይበልጣል»

ቡሎኑ ራስ ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም አለው። 8.8 የተጻፈበት ከመበጠሱ በፊት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ገደማ ይሸከማል። 10.9 ደግሞ 1000 ገደማ። ገበያ ላይ የተለመደው የማይዝግ ቡሎን፣ ኤ2-70 የሚባለው፣ 700 ነው። አለመዝገጉ ያምራል እንጂ በ10.9 ቦታ መግባት የለበትም። በፋብሪካው የነበረውን ደረጃና ውፍረት ይተኩ። ናይለን ያለው ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይቀየር፤ የሚጠብቀውም በመመሪያው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ነው።

ለዚህ አይነት ጥገና እንደ ብሉ ኦክስና ሮድማስተር ያሉ አምራቾች ቡሎን፣ ቡሽና ሮንዴላ ያሉበት ኪት አላቸው። ዋናው አካል ጤነኛ ከሆነ መጠገን ያዋጣል። ክንዱ ከጎበጠ፣ ከተሰነጠቀ፣ አደጋ ካጋጠመው ወይም መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ግን ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

«ግራሶ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

በተንሸራታቹ ክንድ ላይ ግራሶ አቧራና አሸዋ ይይዛል፤ ያ ደግሞ ብረቱን ይሞርደዋል። ማጽዳት ይቀድማል፤ ከዚያ መመሪያው የሚለውን ቅባት ብቻ።

«ጠንካራ መጎተቻ ከገዛሁ አበቃ»

የመጎተት አቅምን የሚወስነው ከሁሉም ደካማው ክፍል ነው። 4500 ኪሎ ግራም የሚችል መጎተቻ 2200 ብቻ በሚችል መቀበያ ላይ ቢገባ አቅሙ 2200 ነው። ማያያዣው፣ ፒኑና መጎተቻው ቢለቅ መኪናዋን የሚይዙት የደህንነት ገመዶችም በዚሁ ሂሳብ ይገባሉ። የመኪናዋ ክብደት ሲሰላም ውስጧ ያለው ዕቃ አብሮ ይመዘን። ከፍታውንም ይለኩ፦ መጎተቻው ሲገጠም ወደ አግድም የቀረበ መሆን አለበት። በተለምዶ የሚፈቀደው ልዩነት 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

የሻንሲው ማያያዣ ፓራውልቱ ውስጥ ስለሚደበቅ ይረሳል። ቡሎኖቹ በንዝረት ይላላሉ። መጎተቻ ሲቀየር እነሱም ይፈተሹ።

«ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ብል ምን ይሆናል?»

የትንሿ መኪና የፊት ጎማዎች በራሳቸው ወደ ጎን ይታጠፋሉ። ከዚያ ጉልበቱ ሁሉ ክንዱ ላይ አርፎ ሊያጣምመው ይችላል። መውጫ ከጠፋ መኪናዋን ፈትቶ ለየብቻ መመለስ ይሻላል።

«ሞተርሆሙ ከባድ ነው፣ የሱ ፍሬን ይበቃል»

ትንሿ መኪና የራሷ ፍሬን ካልያዘ ሙሉ ግፊቷን የሚቀበለው መጎተቻው ነው። የማቆሚያ ርቀትም ይረዝማል፣ መገጣጠሚያውም ቶሎ ይበላል። ሕጉም ይጠይቃል። በብሪታንያ እንዲህ የምትጎተት መኪና እንደ ተሳቢ ትቆጠራለች፤ ከፍተኛ ክብደቷ ከ750 ኪሎ ግራም ካለፈ ፍሬኗ መስራት አለበት። በአሜሪካና በካናዳ ገደቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ከመንገድ በፊት የሚያልፉበትን ይጠይቁ።

«ያገለገለ ቢሆንም ብረት ብረት ነው»

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ግን የአቅሙ መለያ ተፍቆ ወይም ወልቆ ከሆነ፣ አዲስ ቀለምም ከተቀባ፣ ይለፉት። ምን ያህል እንደሚችል የማይታወቅ መጎተቻ ላይ መኪና አይታሰርም።