ስለ ሪሶርስ ኤዲተሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዊንዶውስ ፕሮግራም ስንከፍት የምናያቸው አይከኖች፣ ሜኑዎች፣ የመልእክት ሳጥኖችና በየአዝራሩ ላይ የተጻፉት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በዚያው በኢኤክስኢ ፋይል (ፕሮግራሙን በሚያስነሣው ፋይል) ውስጥ፣ ሪሶርስ በሚባለው ክፍል ነው። ይህን ክፍል ከፍተው ከሚያሳዩና ከሚያርሙ፣ ሪሶርስ ኤዲተር ከሚባሉ መሣሪያዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው በነፃ የሚገኘው የአንገስ ጆንሰን ሪሶርስ ሀከር ነው። ፕሮግራሞችን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር ደጋግመው የገጠሙኝን አመለካከቶች ከዚህ በታች አነሣለሁ።

«ሪሶርስ ማረም የፕሮግራሙን ኮድ መስበር ነው።» ለዚህ አመለካከት የመሣሪያው ስም ራሱ ሳያግዝ አልቀረም። እውነታው ግን ኮዱና ሪሶርሱ በአንድ ፋይል ውስጥ በተለያየ ክፍል መቀመጣቸው ነው። ሪሶርሱ በሦስት እርከን የተደራጀ ነው፤ መጀመሪያ ዓይነቱ፣ ቀጥሎ መለያ ቁጥሩ ወይም ስሙ፣ በመጨረሻም ቋንቋው ይመጣል። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ቁጥሩ 1033፣ የአማርኛ ደግሞ 1118 ስለሆነ፣ አንድ ሜኑ በሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። ኮዱ ባለመነካቱም በሜኑው ላይ አዲስ መስመር ብንጨምር፣ ፕሮግራሙ የዚያን መስመር መለያ ቁጥር እስካላወቀው ድረስ ብንጫነው ምንም አይፈጠርም።

«የአማርኛው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ከረዘመ ፋይሉ ይበላሻል።» ይህ ስጋት የመጣው የፋይሉን ባይቶች በቀጥታ በሚያርመው በሄክስ ኤዲተር ከሚሠሩ ሰዎች ነው፤ እዚያ አንድ ባይት መጨመር በእርግጥ ፋይሉን ያበላሻል። በሪሶርስ ኤዲተር ግን ነገሩ የተለየ ነው። የጽሑፍ ሰንጠረዡ ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ጽሑፎችን በአንድ ጥቅል ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በፊት ርዝመቱ ተመዝግቧል፤ መሣሪያውም በሚያስቀምጥበት ጊዜ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። የሚቀመጠው የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት በሚይዘው በዩኒኮድ ስለሆነ ፊደላችንም ያለ ችግር ይገባል። የሚጠበው አዝራሩ ነው፤ «ሰርዝ» የሚለው ይበቃዋል፣ «ለውጦቹን አስቀምጥና ዝጋ» የሚለው ግን ተቆርጦ ስለሚታይ የአዝራሩን ስፋት በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል።

እውነተኛው አደጋ ያለው ብዙዎች በማይጠረጥሩት ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ቁጥር ወይም ስም የሚያስገባባቸው፣ በመቶኛ ምልክትና በአንድ የላቲን ፊደል የሚጻፉ ቦታ ያዦች በጽሑፉ መካከል አሉ። የእንግሊዝኛው መልእክት በቅድሚያ የተቀዱትን ፋይሎች ብዛት፣ ቀጥሎ የፎልደሩን ስም የሚናገር ነው እንበል። የአማርኛ ሰዋስው «ወደዚህ ፎልደር ይህን ያህል ፋይል ተቀድቷል» ማለትን ስለሚመርጥ፣ ተርጓሚው ሳያስበው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ኮዱ ግን አሁንም ቁጥሩን አስቀድሞ ያቀብላል፤ ስም በሚጠበቅበት ቦታ የገባው ቁጥር እንደ ማህደረ ትውስታ አድራሻ ይቆጠርና ፕሮግራሙ በድንገት ይዘጋል። እኔም ጥፋቱን መሣሪያው ላይ ጥዬ ብዙ ሰዓት ያባከንኩት በዚሁ ነው። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን «ይህን ያህል ፋይል ተቀድቷል፤ መድረሻ ፎልደር፦» ብሎ ማዋቀር ነው፤ ትንሽ ይጎረብጣል፣ ግን ይሠራል።

«በፋይሉ መረጃ ላይ የታወቀ ድርጅት ስም ካለ ፋይሉ አስተማማኝ ነው።» የድርጅቱ ስምና የስሪት ቁጥሩ ራሳቸው ሪሶርስ ናቸው፤ ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይቀይራቸዋል። ማስረጃ የሚሆነው ፋይሉን ማን እንዳወጣውና እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማው ሲሆን፣ እሱም ሪሶርሱን ጭምር ስለሚሸፍን አንድ ፊደል እንኳ ቢታረም ዋጋ ያጣል። ፊርማው የፈረሰ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይከፈታል፤ ሆኖም ዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ፣ ራሱን የሚፈትሽ ፕሮግራም ደግሞ ጨርሶ አልሠራም ሊል ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ላይ መሥራት ግዴታ ነው።

«ጽሑፉ ካልታየ መሣሪያው ተበላሽቷል።» አይደለም፤ ጽሑፉ ሌላ ቦታ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ጽሑፍ በአብዛኛው ኤምዩአይ በሚባሉ የየቋንቋው ፋይሎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ዶትኔትና ኤሌክትሮን በሚባሉ የፕሮግራም መሥሪያዎች የተሠሩ ፕሮግራሞችም የራሳቸው አቀማመጥ አላቸው። ፋይሉ ዩፒኤክስ በሚባለው የፕሮግራም ፋይል ማመቂያ የታመቀ ከሆነ ከአይከኑና ከስሪት መረጃው በቀር ብዙ ነገር ላይታይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በዚያው በዩፒኤክስ መልሶ መፍታት ይቻላል።

«አይከኑን ቀየርኩት፣ ግን አልተቀየረም» የሚለው ቅሬታ ደግሞ ምክንያቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ አንድ ጊዜ ያሳየውን አይከን አስቀምጦ ደግሞ ይጠቀምበታል፤ የታረመውን ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ቀድቶ ማየት ብዙ ጊዜ አዲሱን ያሳያል።